የጥርስ ኢምፕላንትና ሆርሞን ምን ያገናኛቸዋል?

«ኢምፕላንት» የሚለው ቃል አገራችን ውስጥ ሁለት ቤት አለው። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበር የእርግዝና መከላከያ ነው። እንደ ዓይነቱ ለ3 ወይም ለ5 ዓመት ሆርሞን በጥቂት በጥቂቱ ይለቃል። ጥርስ ክሊኒክ ስትሄዱ ደግሞ፣ በተነቀለ ጥርስ ቦታ መንጋጋ ውስጥ የሚተከል የቲታኒየም ብሎን ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ወሬው ይደበላለቃል። «የጥርስ ኢምፕላንት ሆርሞን ያዛባል አሉ፤ እውነት ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መልሱ አጭር ነው። አያዛባም። መንጋጋ ውስጥ የሚገባው ብሎን ምንም ሆርሞን የለውም። ጥያቄው ሲገለበጥ ግን ቁም ነገር ይሆናል። ሰውነታችን ውስጥ ያለው ሆርሞን፣ ወይም በመርፌና በክኒን የምንወስደው፣ የተተከለውን ጥርስ ይነካል? አዎ፣ ይነካል። ምን ያህል? እዚህ ላይ ነው ማጋነንም ማቃለልም የበዛው።

ብሎኑ አጥንት ውስጥ እንዴት ይጸናል?

ነገሩ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም በጥንቸል አጥንት ውስጥ የደም ዝውውርን ያጠና ነበር። ለማየት እንዲመቸው ትንሽ የቲታኒየም መሣሪያ አጥንቱ ውስጥ አስገባ። ጥናቱን ጨርሶ መሣሪያውን ሊያወጣ ሲል እንቢ አለው። አጥንቱ ብረቱን እንደ ራሱ አካል ይዞታል። በ1965 ዮስታ ላርሶን ለተባለ ሰው በታችኛው መንጋጋው ላይ ይህንኑ ብረት ተከለለት። ላርሶን በ2006 ሲያርፍ የተተከለለት ገና አገልግሎት ላይ ነበር። 41 ዓመት ማለት ነው።

ብሮኔማርክ ለዚህ መያያዝ ኦሲዮኢንተግሬሽን የሚል ስም አወጣለት። ሕይወት ያለው አጥንት፣ መሐል ላይ ለስላሳ ሥጋ ሳይገባ፣ ከብረቱ ገጽ ጋር በቀጥታ መጋጠሙ ነው። ምስማር ግድግዳ ውስጥ ተጣብቆ እንደሚቆመው አድርገን ካሰብነው እንሳሳታለን። ግድግዳ ምስማሩን አቅፎ አያድግም። መንጋጋ ግን ያድጋል።

አጥንት በድን አይደለም። ሁልጊዜ እየፈረሰ እየተሠራ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ሴሎች ናቸው። ኦስቲዮክላስት የሚባሉት አሮጌውንና የተጎዳውን አጥንት ያፈርሳሉ። ኦስቲዮብላስት የሚባሉት አዲሱን ይገነባሉ። ጤነኛ ሰው ላይ ሁለቱ ተናበው ይሠራሉ። አፍራሹ ካየለ አጥንቱ ይሳሳል። ሆርሞኖች የሚገቡት እዚህ ጋ ነው። ለየትኛው ሴል መቼ «ጀምር»፣ መቼ «በቃ» እንደሚባል የሚወስኑት በአብዛኛው እነሱ ናቸው።

ሦስተኛው ሳምንት

ሐኪሙ መንጋጋውን ሲበሳ፣ መሰርሰሪያው ላይ ንጹሕ የጨው ውሃ ሳያቋርጥ ይፈስሳል። ውሃው ለጽዳት ብቻ አይደለም። የአጥንቱ ሙቀት ለ1 ደቂቃ ያህል 47 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ከቆየ የዳር ዳሩ አጥንት ይጎዳል። ጉድጓዱ ከተዘጋጀ በኋላ ብሎኑ እየተጠበቀ ይገባል። ታካሚው ከወንበሩ ሲነሣ ብሎኑ አይነቃነቅም። በዚህ ሰዓት የያዘው ግን የብሎኑ ጥርሶች ንክሻ ነው። ነባሩን አጥንት ቆንጥጦ ነው የቆመው።

ከዚያ ሰውነት ማጽዳት ይጀምራል። በብሎኑ ዙሪያ የረጋው ደም በአዳዲስ የደም ሥሮች ይተካል። አፍራሾቹ ሴሎች ሲበሳ የተጎዳውን አጥንት ይለቅማሉ። ይኸውም መጀመሪያ ብሎኑን ቆንጥጦ የያዘው አጥንት ነው። ገንቢዎቹ አዲስ አጥንት ማንጠፍ ጀምረዋል፤ ግን ገና ለጋ ነው። ስለዚህ ወደ ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ብሎኑ ከተተከለበት ቀን ይልቅ የላላ ይሆናል። አሮጌው ለቅቆታል፣ አዲሱ ገና አልያዘውም። በዚህ ጊዜ ብሎኑ ከ0.15 ሚሊ ሜትር በላይ ደጋግሞ ከተንቀሳቀሰ፣ በአጥንት ፋንታ ሥጋ ይከበዋል። ይህ ርቀት ከሁለት የፀጉር ዘለላ ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ሥጋ የከበበው ኢምፕላንት ደግሞ ውሎ አድሮ መውጣቱ አይቀርም።

ይህንን ያነሣሁት ሆርሞን በዋናነት የሚሠራው በዚህ ክፍተት ላይ ስለሆነ ነው። አፍራሹን የሚያፈጥን ወይም ገንቢውን የሚያዘገይ ነገር ሁሉ ያንን የላላ ጊዜ ያረዝመዋል። ከአሜሪካ ወይም ከአረብ አገር ለ3 ሳምንት ፈቃድ መጥቶ «ተክላችሁ ጨርሱልኝ» የሚል ሰው ሊያስብበት የሚገባው ይህንን ነው። አውሮፕላን የሚሳፈረው ብሎኑ ይበልጥ በላላበት ሳምንት ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ጊዜያዊ ጥርስ ወዲያው መግጠም ይቻላል፤ በደንብ የተመረጠ ሰው ላይ ይሳካል። የተለመደው ግን በታችኛው መንጋጋ 3 ወር፣ ስፖንጅ መሰል በሆነው በላይኛው እስከ 6 ወር መጠበቅ ነው።

ኤስትሮጅን፦ የበዛ ወሬ፣ የተምታታ ማስረጃ

ኤስትሮጅን የሴቶች ሆርሞን ተብሎ ቢታወቅም በወንዶችም አጥንት ላይ ይሠራል። ትልቁ ሥራው አፍራሾቹን ልጓም ማስያዝ ነው። ገንቢዎቹ ሴሎች ራንክል የሚባል መልእክተኛ አላቸው፤ አፍራሾቹን ለሥራ የሚጠራው እሱ ነው። ኦፒጂ የሚባለው ሌላ ንጥረ ነገር ደግሞ ራንክልን መንገድ ላይ ይይዘዋል። ኤስትሮጅን ሲኖር ኦፒጂ ይበዛል፣ ጥሪው ይቀንሳል። አንዲት ሴት ስታርጥ ኤስትሮጅኗ ያሽቆለቁላል። ጥሪው ይበዛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አጥንቷ ከወትሮው በፈጠነ ሁኔታ ይሳሳል።

ታዲያ ያረጠች ሴት ኢምፕላንት አይያዝላትም ማለት ነው? ብዙ ሰው እንደዚያ ይደመድማል። ጥናቶቹ ግን አንድ ቃል አይናገሩም። በ2001 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ ምትክ ሆርሞን (በጎደለው ኤስትሮጅን ፋንታ የሚሰጥ መድኃኒት) የማይወስዱ ያረጡ ሴቶች በላይኛው መንጋጋቸው የተተከለላቸው ኢምፕላንት ከሌሎች ይበልጥ እንደወደቀ አሳየ። በታችኛው መንጋጋ ግን ልዩነት አልታየም። ይህ ከአጥንቱ ጠባይ ጋር ይሄዳል። የላይኛው መንጋጋ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ነው። እንዲህ ያለ አጥንት የሆርሞን ለውጥ ቶሎ ይሰማዋል።

ይህን ያነበበ «እንግዲያው ምትክ ሆርሞን ይሰጣት» ይላል። በ2005 እዚያው አሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት ግን ተቃራኒውን አገኘ። ምትክ ሆርሞን የሚወስዱት ሴቶች ላይ ውድቀቱ በዛ። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት ይሆናሉ? እንደ እኔ እምነት ሁለተኛው ጥናት ሆርሞኑን ጥፋተኛ አያደርገውም። ምትክ ሆርሞን በብዛት ይታዘዝ የነበረው ቀድሞውኑ አጥንታቸው ለሳሳ ሴቶች ነው። ስለዚህ እየተቆጠረ ያለው መድኃኒቱ ነው ወይስ መድኃኒቱን ያሳዘዘው ችግር? ይህን ያልለየ ጥናት ብቻውን ውሳኔ አይሰጥም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የሰበሰቡ ግምገማዎች ወደ መሐል መጥተዋል። የአጥንት መሳሳት ያለባቸውና የሌለባቸው ሰዎች የኢምፕላንት ዕድሜ ብዙም አይራራቅም። በብሎኑ አንገት ዙሪያ የሚጠፋው አጥንት ግን የሳሳባቸው ላይ በጥቂቱ ይበዛል። ስለዚህ ማረጥ ክልከላ አይደለም። ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር ነው። ለጥርስ ተብሎ ብቻ ምትክ ሆርሞን መጀመር ግን ተገቢ አይመስለኝም። በ2002 ይፋ የሆነው ትልቁ የአሜሪካ የሴቶች ጤና ጥናት፣ ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የተባለ ሌላ ሆርሞን አንድ ላይ የወሰዱ ሴቶች ስብራታቸው ቢቀንስም የጡት ካንሰር፣ የስትሮክና የደም መርጋት አደጋቸው መጨመሩን አሳይቷል። ውሳኔው የማህፀን ሐኪምና የሴትየዋ ነው እንጂ የጥርስ ሐኪሙ አይደለም።

የ3 ወሩ መርፌ

ይህ ክፍል በውጭ አገር ጽሑፎች እምብዛም አይነሣም። ለእኛ ግን ቅርብ ነው። በኢትዮጵያ ከዘመናዊ የእርግዝና መከላከያዎች ብዙ ሴት የምትጠቀመው የ3 ወሩን መርፌ ነው። ይህ መርፌ እንቁላል እንዳይወጣ ሲያደርግ ኤስትሮጅንንም ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ መርፌውን በምትጠቀምበት ጊዜ የአጥንት ጥግግቷ ይቀንሳል። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2004 ማሸጊያው ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ ያዘዘው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ጉዳዩን መዝኖ፣ ከ18 እስከ 45 ዓመት ላሉ ሴቶች ክልከላ አያስፈልግም አለ። የጠፋው አጥንት መርፌው ሲቆም በአብዛኛው ይመለሳል። ያልታሰበ እርግዝና የሚያመጣው አደጋም ቀላል አይደለም።

በክንድ የሚቀበረው ኢምፕላንት ከዚህ ይለያል። ኤስትሮጅንን እንደ መርፌው አይጥልም። አጥንት ላይ ያለው ጫናም አነስተኛ ነው። መርፌ የምትወጋ ሴት ጥርስ ማስተከል አትችልም የሚል ማስረጃም የለም። ማንም ሴት ለጥርስ ብላ መከላከያዋን እንድታቆም አይመከርም። ግን ለረጅም ዓመታት የተወጋች፣ ከዚያ ላይ ቀጭን የሆነች፣ የላይኛው መንጋጋዋ ላይ የምታስተክል ከሆነች፣ ሐኪሟ ጥርሱን ለመግጠም ጥቂት ሳምንት ቢጨምር ምክንያታዊ ነው።

ኢንሱሊንና ስኳር

ኢንሱሊንን የምናውቀው በስኳር ነው። ለአጥንትም ግን የግንባታ ሆርሞን ነው። ገንቢዎቹ ሴሎች ኢንሱሊን የሚቀበሉበት በር አላቸው። ኢንሱሊን ሲጎድል ወይም ሰውነት ሲለምደው ግንባታው ይቀዘቅዛል። ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ደግሞ የአጥንቱን የፕሮቲን ክር ያደርቀዋል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያጠባል፣ ተዋጊ ነጭ የደም ሴሎችን ያዳክማል። ቁስሉ ይዘገያል፣ ኢንፌክሽን ይቀናዋል።

እዚህም ግን ድሮ የሚባለውና አሁን የሚታወቀው ይለያያል። «ስኳር ያለበት ጥርስ አያስተክልም» ይባል ነበር። በ2014 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ስኳራቸው በደንብ ያልተያዘ ሰዎችንም ጨምሮ ተከታተለ። አንድ ዓመት ሲሞላ ኢምፕላንቶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቦታቸው ነበሩ። ልዩነቱ የታየው በፍጥነቱ ላይ ነው። ስኳራቸው ከፍ ያለው ሰዎች ኢምፕላንት ከላላበት ወደ ነበረበት ጥንካሬ ለመመለስ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደበት። ስለዚህ «ሊተከል ይችላል ወይ» ከሚለው ይልቅ «መቼ ይነከስበት» የሚለው ይበልጣል። የ3 ወር አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ ከ8 በመቶ በላይ ከሆነ ብዙ ሐኪሞች መጀመሪያ ስኳሩ ይስተካከል ይላሉ። አጣዳፊ ሕክምና ስላልሆነ ትክክል ናቸው።

ፓራታይሮይድና ቫይታሚን ዲ

አንገታችን ላይ፣ ከታይሮይድ ጀርባ፣ እያንዳንዳቸው የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ፣ ብዙውን ጊዜ አራት ዕጢዎች አሉ። ፓራታይሮይድ ይባላሉ። ደም ውስጥ ካልሲየም ሲያንስ የሚያመነጩት ሆርሞን አጥንትን አስፈርሶ ካልሲየም ያስወጣል። ዕጢው ታሞ ያለማቋረጥ ሲያመነጭ አጥንት ይሟጠጣል። የሚገርመው ይኸው ሆርሞን በቀን አንድ ጊዜ ለአጭር ሰዓት ብቻ ሲሰጥ አጥንት ይገነባል። ቴሪፓራታይድ የተባለው መርፌ የተሠራው በዚህ መርህ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በ2002 ለአጥንት መሳሳት ተፈቀደ። በ2010 ሚሺጋን ውስጥ የተሠራ ትንሽ ጥናት፣ የድድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 40 ሰዎች ላይ መርፌው የጥርስ ዙሪያ አጥንትን የተሻለ እንዳስበቀለ አሳይቷል። ውድ ስለሆነና ለዚህ ተብሎ ስላልተፈቀደ ለኢምፕላንት አይታዘዝም። ግን አንድ ነገር ያስተምራል። ሆርሞን መድኃኒትም ጎጂም የሚሆነው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በሰዓቱም ነው።

ቫይታሚን ዲ ስሙ ቫይታሚን ይሁን እንጂ ጠባዩ የሆርሞን ነው። ቆዳ ከፀሐይ ይሠራዋል፣ ጉበትና ኩላሊት ያነቃቁታል፣ ከዚያ አንጀት ካልሲየም እንዲወስድ ያደርጋል። «የ13 ወር ፀሐይ አገር እያለን ምን ቸግሮን?» የሚል ይኖራል። ሆኖም በአዳማ አካባቢ ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት እጥረቱ መኖሩን፣ ከገጠሩም ይልቅ ከተማው ላይ መብዛቱን አሳይቷል። ወደ እስራኤል በገቡ ኢትዮጵያውያት ላይም በ1990ዎቹ ከፍተኛ እጥረት ተመዝግቧል። ጥቁር ቆዳ ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ወይም ሰው ቤት ውስጥ የሚውል ሰው ደግሞ ፀሐዩ ቢኖርም አያገኘውም። የአውሮፓ ክረምት ሲጨመርበት ይብሳል።

ከኢምፕላንት ጋር ያለው ግንኙነትስ? በ2018 የታተመ የጣሊያን ጥናት 885 ሰዎችን አየ። ከፍተኛ እጥረት ያለባቸው ላይ 11.1 በመቶ፣ መካከለኛ ላይ 4.4 በመቶ፣ በቂ ባላቸው ላይ 2.9 በመቶ ኢምፕላንቱ ገና በጊዜ ወደቀ። ቁጥሮቹ ደረጃ በደረጃ ሲወርዱ ማየት ያሳምናል። ግን ከፍተኛ እጥረት ያለባቸው 27 ሰዎች ብቻ ነበሩ። 11.1 በመቶ ማለት ሦስት ሰው ነው። ተመራማሪዎቹም ልዩነቱ በስታቲስቲክስ እንዳልጸና ተናግረዋል። ይህን ቁጥር ይዞ ክኒን የሚሸጥ ማስታወቂያ ስታዩ ሦስቱን ሰዎች አስታውሱ። ያም ሆኖ ምርመራው አንድ የደም ናሙና ነው፣ እጥረቱም በቀላሉ ይታከማል። ቢታይ አይከፋም።

ስቴሮይድና ታይሮይድ

ኮርቲሶል ሰውነት በጭንቀት ጊዜ የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። ስቴሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች፣ እነ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን፣ የእሱ ዘመዶች ናቸው። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ለአለርጂ ይታዘዛሉ። ያለ ማዘዣ የሚወስዳቸውም አለ። ለጥቂት ቀን ከሆነ አጥንትን ብዙም አያሳስብም። ለወራት ሲሆን ግን ገንቢዎቹን ሴሎች ያለ ዕድሜያቸው ይገድላል፣ የካልሲየም ቅበላን ይቀንሳል። በቀን 2.5 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን እንኳ ከ3 ወር በላይ ከተወሰደ የአጥንት ሐኪሞች መከታተል ይጀምራሉ። አንድ ነገር ግን በጥብቅ መባል አለበት። ስቴሮይድን ለጥርስ ብሎ በድንገት ማቆም ሕይወት ያሰጋል። ኮርቲሶል የሚያመነጨው የሰውነት ዕጢ ሥራ ፈትቶ ስለሚቆይ ቶሎ አይነሣም።

ታይሮይድ የመፍረስና የመገንባቱን ፍጥነት ይወስናል። ሲበዛ ሁለቱም ይጣደፋሉ፣ ግን ገንቢው አይደርስም። ሲያንስ ሁሉም ይዘገያል። መድኃኒቱን እየወሰደ ምርመራው የተስተካከለለት ሰው ያለ ስጋት ያስተክላል። እንቅርት ያለበት ሰው ግን ዕጢው እንዴት እየሠራ እንደሆነ ሳይመረመር ወደ ቀዶ ሕክምና መግባት የለበትም። ማደንዘዣው ውስጥ ያለው አድሬናሊን ታይሮይዱ ከመጠን በላይ የሚሠራ ሰው ላይ ልብን ሊያስቸግር ይችላል።

ከሆርሞኑ ይልቅ መድኃኒቱ ሲያሳስብ

ለሳሳ አጥንት የሚሰጡት መድኃኒቶች ራሳቸው ሌላ ጉዳይ ናቸው። አሌንድሮኔትና ዞሌድሮኒክ አሲድ አፍራሾቹን ሴሎች ያስቆማሉ። ዴኖሱማብ ደግሞ ቅድም ያልነውን ራንክልን ይይዛል። አጥንቱ ይወፍራል፤ ግን የተጎዳውን የሚለቅም ሴል ይጠፋል። ከ2003 ጀምሮ፣ እነዚህን መድኃኒቶች የወሰዱ ሰዎች ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የመንጋጋ አጥንታቸው ሳይድን ተጋልጦ መቅረቱ ተመዝግቧል። በሳምንት አንድ ክኒን ለሚወስድ ሰው አደጋው በጣም ትንሽ ነው። ለካንሰር በደም ሥር በከፍተኛ መጠን ለሚወስድ ግን ከፍ ይላል፤ እንዲህ ላለው ሰው ኢምፕላንት በአብዛኛው አይመከርም። ዴኖሱማብን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ደግሞ የጀርባ አጥንት ስብራት ሊያስከትል ይችላል። የጥርስ ሐኪሙና መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም መነጋገር አለባቸው።

ሆርሞኑ ወይስ እጁ?

ከጥርስ ሐኪሞች መካከል «ሆርሞን ሆርሞን የምትሉት ሰበብ ነው፤ የሚወስነው እጅ ነው» የሚሉ አሉ። ብዙ እውነት አላቸው። በደንብ የታቀደ ኢምፕላንት 10 ዓመት ሲሞላው ከ100 ከ90 በላይ ቦታው ይገኛል። በዚህ ቁጥር ውስጥ ያረጡም፣ ስኳር ያለባቸውም፣ ታይሮይድ የታከሙም አሉ። ሲጋራ፣ ያልታከመ የድድ በሽታ፣ ውሃ ሳይፈስበት የተበሳ አጥንት፣ ሁሉም ብዙ ያወድማሉ። አንዳንዴ ያልተሳካ ሥራ «ሆርሞንዎ ነው» ተብሎ በታካሚው ላይ ይለጠፋል። ይህ መሆን የለበትም።

ሌሎቹ ደግሞ እጅ ሁሉን አያስተካክልም ይላሉ። እነሱም አልተሳሳቱም። ሆርሞን አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ኢምፕላንት አይጥልም፤ ለስህተት የሚተርፈውን ቦታ ያጠባል። አጥንቱ ጠንካራ የሆነ ወጣት በስድስተኛው ሳምንት ቆሎ ቢቆረጥምበት ሊተርፍ ይችላል። የላይኛው መንጋጋዋ የሳሳ፣ ስኳሯ ከፍ ያለ የ60 ዓመት እናት ግን ያ ዕድል የላትም። ለእሷ እጁም፣ ጊዜውም፣ ምርመራውም አብረው መስተካከል አለባቸው።

ቅጹ የማይጠይቀው

ብዙ ክሊኒክ ታካሚውን አንድ ቅጽ ያስሞላል። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ይላል። ብዙ ሴት «የለም» ብላ ትጽፋለች። አልዋሸችም። የ3 ወሩን መርፌ መድኃኒት ብላ አታስበውም። ካረጠች በኋላ በየ6 ወሩ የምትወጋውንም «ለአጥንት ነው» ብላ ትተወዋለች። አስም ያለባቸው አባት አልፎ አልፎ የሚወስዷትን ነጭ ክኒን አይቆጥሯትም። የጡት ካንሰር ታክማ የዳነች ሴት በየቀኑ የምትውጠው ሌትሮዞል ኤስትሮጅኗን እስከ ታች እንደሚያወርደው ማንም ላይነግራት ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄው ሌላ መልክ ቢይዝ ይሻላል። የወር አበባ ቆሟል? መቼ? መርፌ ይወጋሉ? በየስንት ወሩ? ክንድዎ ላይ የተቀበረ አለ? ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ የሚወስዱት ክኒን ምን ይባላል? አንገትዎ አካባቢ ታክመው ያውቃሉ? ሐኪሙ ካልጠየቀ ታካሚው የመድኃኒቱን ካርቶን በፌስታል ይዞ ቢሄድ ነውር የለውም። ሐኪሙ ስሙን ከካርቶኑ ላይ ያነብበዋል።